የፈረስ ተሳቢ ሲገዛ ፈረሱን የሚጠይቀው የለም

ፈረስ ሰው ይሸከማል እንጂ ሰው ፈረስ አይሸከምም። አገር ቤት ላደግን ሰዎች ነገሩ ይኸው ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ፈረሰኛው ፈረሱን አስጊጦ፣ እሱ ራሱ ጀርባው ላይ ተኮፍሶ ነው ብቅ የሚለው። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይባል የለ? ማድረስ የፈረስ ሥራ ነው። ስለዚህ ለእናቴ ደውዬ "ለፈረሱ መጓጓዣ ልንገዛለት ነው" ስላት ትንሽ ዝም አለችና፣ "ውይ ልጄ፣ እግሩን ምን ነካው?" አለችኝ።

እግሩ ደህና ነው። ችግሩ መንገዱ ነው። እኛ ያለነው ሰሜን ቨርጂንያ ነው። ልጄ የምትጋልበው ሚድልበርግ አካባቢ ነው፤ ከዋሽንግተን ብዙም ሳይርቅ ሜዳው ሁሉ በአጥር ተከፋፍሎ ፈረስ የሚግጥበት አገር። ውድድር ሲኖር አንዴ ኩልፔፐር፣ አንዴ ሜሪላንድ ነው። በሃይዌይ 66 ላይ ፈረስ ጋልቦ የሚሄድ የለም። እስካሁን ለሰው እየከፈልን ስናስጭን ቆየን። ክፍያው ሲደራረብ የራሳችንን እንግዛ ተባለ። እኔም ከሥራ መልስ የተሳቢ ማስታወቂያ ሳገላብጥ የማመሽ ሰው ሆንኩ። በቅሎ የጠፋው ኮርቻ ገልቦ ያያል እንደሚባለው፣ የማላየው ጥግ አልነበረም።

ፈረስን በፈረስ ማስጎተት ግን የቆየ ነገር ነው። በ1836 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሎርድ ጆርጅ ቤንቲንክ የሚባል እንግሊዛዊ ኤሊስ የተባለ ፈረስ ነበረው። ፈረሱ ያለው ደቡብ እንግሊዝ፣ ጉድውድ ነው። ውድድሩ፣ ሴንት ሌጀር፣ ያለው ሰሜን ውስጥ ዶንካስተር ነው። በዚያን ጊዜ የውድድር ፈረስ በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ ቀናት ይፈጅበታል። ቀኑ ሲቃረብ ኤሊስ ገና ጉድውድ መሆኑን የሰሙ አቋማሪዎች "ይኼማ አይደርስም" ብለው ናቁት። ሰውየው ለካ በድብቅ ግድግዳው በትራስ የተለበጠ ሠረገላ አሠርቷል። ኤሊስን ውስጡ አቆመና ስድስት ፈረሶች እየተቀያየሩ ጎተቱት። ድካም ሳይነካው ደረሰ፣ አሸነፈም። አቋማሪዎቹ ኪሳቸው ተራገፈ። ያ ሠረገላ የተሠራው ለፈረሱ ነበር። ትራሱም፣ ስፋቱም፣ አካሄዱም ፈረሱ ሳይደክም እንዲደርስ ታስቦ ነው።

ዛሬ መሸጫ ቦታ ሄዳችሁ ብትጠይቁ የሚያሳዩአችሁ ሌላ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሚከፍተው የፊተኛውን በር ነው። የልብስ መቀየሪያ ክፍል አለ። መስታወት አለ። የኮርቻ መስቀያው በየረድፉ ተደርድሯል። ውድ ከሆነ አልጋ፣ ፍሪጅና ሻወር ይጨመራል። ልጄ እዚያው ፍቅር ያዛት። ፈረሱ የሚቆምበትን ለማየት ግን ዞሮ ወደ ኋላ መሄድ አለ፤ "ያው የታወቀ ነው" ተብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። በሻጩ አልፈርድም። ፈረስ ቦርሳ አይዝም። ግን ከሁለት ከሦስት ቦታ በኋላ የገባኝ ነገር፣ ከተሳቢው ዋጋ ብዙው የሚሄደው ለሰው ምቾት መሆኑን ነው። ፈረስ የሚፈልገው ጥቂትና ተራ ነገር ነው። የማይከዳ ወለል፣ አየር፣ ብርሃን፣ እግሩን የሚያንፈራጥጥበት ቦታ፣ በጊዜ የሚያቆም ፍሬን። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ተሳቢ "ይኼ ለማን ነው የተሠራው?" እያልኩ ማየት ጀመርኩ።

ከተሳቢው በፊት ግን ጎታቹ ይቀድማል። እኛ ቤት ያለው እንደ ብዙው አበሻ ቶዮታ ሃይላንደር ነው። ባለ ቪ6 ሞተሩ እስከ 5,000 ፓውንድ ይጎትታል ተብሎ ተጽፏል። ሒሳቡን ሠራሁት። የሁለት ፈረስ ተሳቢ፣ ባዶውን፣ ወደ 3,200 ፓውንድ። የልጄ ፈረስ 1,100፣ ማለትም ግማሽ ቶን ገደማ። ኮርቻ፣ ድርቆሽ፣ ውኃ ሲጨመር ሌላ 200። ድምሩ 4,500። በወረቀት ያልፋል! ደስ አለኝ።

ደስታዬን ለጓደኛዬ ነገርኩት። አገር ቤት እያለ የጅቡቲን መንገድ በባለ ተሳቢ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ እዚህም ትልቁን መኪና ይነዳል። ሳቀብኝ።

"ስማ፣ መጎተትማ አህያም ይጎትታል። ማቆም ይችላል ወይ? እሱን ጠይቅ።"

ከዚያ በስልክ አስተማረኝ። የተሳቢው ክብደት ሁሉ በራሱ ጎማ ላይ አያርፍም። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው በኩል የመኪናው ጀርባ ላይ ይጫናል። ለ4,500 ፓውንድ ከ450 እስከ 675 መሆኑ ነው። በዚያ ላይ እኔ፣ ልጄ፣ ባለቤቴ፣ ሻንጣው አለን። መኪናው ምን ያህል መሸከም እንደሚችል የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነግራችኋል። ማስታወቂያው ላይ የሚጮኸው የመጎተት አቅም ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ብዙ ጊዜ ይኼኛው ነው። አንድ ዓይነት ፒክአፕ ሆኖ እንኳ እንደ ሞተሩና እንደ ተጨማሪ ዕቃው የአንዱና የሌላው ልዩነት በመቶዎች ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የጎረቤትን መኪና አይቶ መግዛት አይሆንም፤ የራስን በር ከፍቶ ማንበብ ነው።

ሌላው ነገር፣ ፈረስ ሶፋ አይደለም። ቆሞ ነው የሚሄደው፤ ክብደቱ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ዝንብ ስትነክሰው እግሩን ይደበድባል። መኪናው ቀላል ከሆነ ያ ሁሉ እስከ መሪው ድረስ ይመጣል። ዳር ድረስ በሞላ አቅም ፈረስ መጎተት ለእኔ አልተዋጠልኝም። በመጨረሻ ያገለገለ ፒክአፕ ገዛን። ባለቤቴ "ለፈረሱ ተሳቢ፣ ለተሳቢው መኪና፤ ለመኪናው ደግሞ ምን ልንገዛለት ነው?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

አንገቱ ረዝሞ ፒክአፑ ጀርባ መሐል ላይ የሚታሰረው ጉዝኔክ የሚባለው ዓይነትም አለ። ከኋላ ጎማው በላይ ስለሚያርፍ መንገድ ላይ ይረጋል። ሦስት አራት ፈረስ ለሚጭን ደግ ነው። ለአንድ ለሁለት ፈረስ ከኋላ መጎተቻው ላይ የሚታሰረው ይበቃል።

አሁን ወደ ፈረሱ። የእኛ ዳማ ቁመቱ እስከ ጫንቃው 160 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ራሱን ሲያነሳ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ዛሬ የሚሠሩት ተሳቢዎች በአብዛኛው የውስጥ ቁመታቸው 7 ጫማ፣ ለትልልቅ ፈረስ 7 ጫማ ተኩል ነው። ድሮ የተሠሩት ዝቅ ይላሉ። ርካሽ ሆነው ከተገኙ ብዙ ጊዜ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ጣሪያው ጆሮውን የሚነካው ፈረስ በሚቀጥለው ቀን አልገባም ቢል ምን ይፈረድበታል?

አቋቋሙም ያከራክራል። ፊቱን ወደ መኪናው አድርጎ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት አለ፤ በሰያፍ የሚቆምበት አለ። የሰያፉ አሜሪካ ውስጥ በጣም ይወደዳል። በአጭር ተሳቢ ብዙ ፈረስ ያስገባል። ችግሩ፣ ረዘም ላለ ፈረስ ጋጣው ያጥራል። አፍንጫው አንዱ ግድግዳ፣ ዳሌው ሌላው ላይ ይደርሳል። ደግሞ መጀመሪያ የገባው ፈረስ ቢታመም ከኋላው ያሉት ካልወጡ እሱን ማውጣት አይቻልም። በቀጥታው ግን እያንዳንዱ በየራሱ ይወጣል። እዚህ ላይ ሁለቱን ፈረስ የሚለየውን መሐለኛ ግድግዳ አጎንብሳችሁ እዩት። እስከ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ፈረሱ እግሩን ማንፈራጠጥ አይችልም። ኩርባ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው ደግሞ እግሩን ከፈት አድርጎ ነው። ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚይዙት የፊት እግሮቹ ናቸው፤ ፍሬን ሲያዝ ሸክሙ ይበልጡን ወደዚያ ይሄዳል። ግማሽ ድረስ ብቻ የሚወርደውን እመርጣለሁ።

በቀጥታው ተሳቢ አንድ ፈረስ ብቻ ከተጫነ በሹፌሩ በኩል፣ ማለትም በግራ ይቆማል። መንገዱ ለጎርፍ ሲባል መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ስለሚሠራ ክብደቱ በቀኝ ከሆነ ተሳቢው ወደ ዳር ያደላል። በግራ የሚነዳባቸው እንደ እንግሊዝ ያሉ አገሮች ላይ ተገላቢጦሽ ነው።

አየር የሚባለውን ነገር ሰው ችላ ይለዋል። ብርድ እንዳይመታው ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። ፈረስ ግን ከብርድ ይልቅ የሚጎዳው የታፈነ አየር ነው። ሽንቱ አሞንያ ይሆናል፤ የድርቆሹ አቧራ ይጨመርበታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አንገቱን አሳጥሮ፣ ቀና አድርጎ ማሰር ነው። ፈረስ የመተንፈሻ ቧንቧውን የሚያጠራው ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው። ለብዙ ሰዓት ቀና ብሎ ከታሰረ የገባው ቆሻሻ ወደ ሳንባው ይወርዳል። የእንስሳት ሐኪሞች የጉዞ ትኩሳት የሚሉት የሳንባ በሽታ አንዱ መነሻ ይኼ ነው፤ ፈረስ ይገድላል። ስለዚህ ሩቅ መንገድ ላይ በየሦስት አራት ሰዓቱ ቆም ብሎ ውኃ መስጠትና ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ መተው ግድ ነው። የሚያምረው ባለ ጠባብ ጋጣ ተሳቢ ፊት ለፊት የሳር መደርደሪያ ተሠርቶለት ፈረሱ ራሱን የሚያወርድበት ቦታ ከሌለው፣ መደርደሪያው ለፎቶ ነው። መስኮቱ ላይ ደግሞ ፍርግርግ ይኑር። መኪናው እየሄደ ራሱን ያወጣ ፈረስ ዓይኑን በጠጠር ይመታል።

እንግዲህ ሁሉንም ሳይ ልቤ ያረፈው እዚህ አገር ስቶክ ትሬለር በሚሉት በተራው የከብት ተሳቢ ነው። ጎኑ በአግዳሚ ላሜራ ተሠርቶ በመሐል ክፍተት አለው። ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይገባል። ብርሃን አለ። ውስጡ ሰፊ ነው፤ ጨለማ ቀዳዳ ስለማይመስል ፈረስ ለመግባት ብዙ አይግደረደርም። ብዙ የፈረስ ሰዎች ይንቁታል፤ ልጄም "የላም ነው" ብላ አኮረፈች። ለክረምት ክፍተቱን የሚዘጋ ፕላስቲክ ይገጠምለታል። ከፊት ትንሽ የኮርቻ ክፍል ያለውን ዓይነት ስናገኝ ታረቅን። መስታወት ከሱቅ ገዝታ ራሷ ለጠፈችበት።

እሱን ከማግኘታችን በፊት ግን ያገለገለ ስናይ የገጠመን ይነገር። ማስታወቂያው "ወለሉ አዲስ" ይላል። ዋጋው ከ5,000 ዶላር በታች ነው። ቀለሙ ያንጸባርቃል። የተዘረጋው የጎማ ምንጣፍ በእርግጥ አዲስ ነበር። "ላንሳው?" አልኩት ባለቤቱን። "ከባድ ነው፣ አትድከም" አለኝ። ይኼኔ ነቃሁ። ጓደኛዬና እኔ ከኋላው በኩል ጫፉን ይዘን ገለበጥነው። ሽታው ፊታችንን መታን፤ የከረመ ሽንት ነው። ጣውላው ጠቁሯል። ጓደኛዬ ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣና ጣውላው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጫን አደረገው። እንደ ቅቤ ገባለት። ከሥር ተኝቶ በስልኩ መብራት ሲያይ ደግሞ አግዳሚው ብረት ዝጎ በጣት ይፈረፈራል። ግማሽ ቶን ፈረስ በዚያ ላይ ቆሞ በሰዓት 60 ማይል ሲሄድ ወለሉ ቢከዳ እግሩ የሚያርፈው አስፋልት ላይ ነው። አመስግነን ወጣን።

ስለዚህ ካቻቢቴና መብራት ይዛችሁ ሂዱ። ምንጣፉ ካልተነሳ ዋጋ አትጠይቁ። የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ ሽንት የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። አሉሚኒየም ነው ቢሏችሁም አንሱት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም እንጂ ሽንት ይበላዋል፤ ካልታጠበ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል። ብረትና አሉሚኒየም የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ብየዳውንና ቡሎኑን አጥብቃችሁ እዩ።

ጎማውን ለጓደኛዬ ነው የተውኩት። የተሳቢ ጎማ በብዛት የሚያልቀው በመንዳት አይደለም፤ በመቆም ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ግን አርጅቶ ይሰነጠቃል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) የሚለውን ፊደል ተከትሎ የሚመጣውን የመጨረሻ አራት ቁጥር አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አምስት ስድስት ዓመት ከሆነው ጥርሱን ሳታዩ ቀይሩት። ኩሽኔታው መቼ ግራሶ እንደተቀባም ጠይቁ። ስኮርታ ጎማ ከሌለው ዋጋ ቀንሱ።

ተሳቢው የሚታሰርበት፣ መኪናው መጎተቻ ላይ ያለው ድቡልቡል ብረት ቦል ይባላል። ቦሉ ላይ ቀልድ የለም። እዚህ አገር በብዛት ያለው ሁለት ዓይነት ነው፦ ባለ 2 ኢንች እና ባለ 2 ከ5/16 ኢንች። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ቦሉን የሚከድነው የተሳቢው ቆብ ትልቁ ሆኖ ትንሹ ቦል ላይ ይቀመጣል፤ የተቆለፈም ይመስላል። ጉብታ ላይ ሲደርስ ተነቅሎ ይሄዳል። ቁጥሩ ሁለቱም ላይ ተቀርጿል፤ አንብቡት። ተሳቢው ቢነቀል በራሱ ፍሬን የሚይዝበት ትንሽ ሳጥን ከነባትሪው አለ። ሽቦውን ስትነቅሉት ጎማዎቹ መያዝ አለባቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ነቅላችሁ ሞክሩ። የሞተ ባትሪ ያለበት ስንቱ ነው! በብዙ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። መኪናው ውስጥ ደግሞ ያንን የሚያዝዝ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፤ ከሌለው ማስገጠሚያውን ሒሳብ ውስጥ ክተቱ።

ፈረሱ የሚገባው በተዳፋት መወጣጫ ይሁን ወይስ በደረጃ? ለዚህ ብዙ ጊዜ አላጠፋም። ያረጀ ወይም እግሩን የሚያመው ፈረስ መወጣጫ ይሻለዋል። ጤነኛው ሁለቱንም ይለምዳል። መወጣጫውን ግን ብቻችሁን አንስታችሁ ሞክሩት፤ ልጃችሁ ማንሳት ካልቻለች ሌላ ፈልጉ። ቀጥታ በሚቆምበት ተሳቢ ፈረሱ ሲገባ መጀመሪያ ከኋላው ያለው ማገጃ ይዘጋል፣ ከዚያ ነው ራሱ የሚታሰረው። ሲወጣ ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ራሱ ይፈታል። ታስሮ ሳለ ከኋላው የተከፈተለት ፈረስ ወደ ኋላ ሲል ገመዱ ይይዘዋል፤ ይደነግጣል፣ ራሱን እየነቀነቀ ጣሪያ ይመታል። የልጄ አሰልጣኝ ይኼንን ቅደም ተከተል እየደጋገመች ስለምትጮህበት እኔም በእንቅልፌ የማውቀው ሆኗል።

ከተገዛ በኋላም ወረቀት አለ። ከግዛት ግዛት ስትሻገሩ በ12 ወር ውስጥ የተሠራ ኮጊንስ የሚባል፣ የፈረስ ተላላፊ በሽታን የሚያሳይ የደም ምርመራና የሐኪም የጤና ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል። ፖቶማክን መሻገርም መሻገር ነው። መንገድ ላይ ተበላሽቶ ጎታች ብትጠሩ ደግሞ ብዙው የመንገድ ዕርዳታ አገልግሎት መኪናውን እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ የተጫነበትን ተሳቢ አይነካም። ለፈረስ ጫኞች ብቻ የሚሠሩ አሉ። ስትመዘገቡ "ተሳቢ አለኝ" ማለት አይበቃም፤ "ውስጡ ፈረስ እያለም ትጎትታላችሁ ወይ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።